ቀጥቃጩም የግብርናው ባለድርሻ ነው

የመኸር ወቅት ዕቅድ ሲዘጋጅ በየወረዳው ጠረጴዛ ላይ የሚቀርቡት ጉዳዮች የታወቁ ናቸው። የምርጥ ዘር አቅርቦት፣ የአፈር ማዳበሪያ ስርጭት፣ የፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ የልማት ሠራተኛ ድጋፍ ይነሳሉ። ሁሉም ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ አርሶ አደሩ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በትከሻው የሚሸከመውን ዶማ፣ ደንጎራ፣ መጥረቢያና ማጭድ ማን እንደሚሠራለት፣ ሲሰበርበትም ማን እንደሚጠግንለት በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ሲሰጠው እምብዛም አይታይም። መሣሪያውን የሚሠራው ቀጥቃጭም የግብርናው ባለድርሻ ተብሎ ለስብሰባ ሲጠራ አይሰማም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። የቅጥቀጣ ሙያ በመጽሐፍ ተጽፎ የተቀመጠ ሳይሆን በሰው እጅና ዓይን ላይ ያለ ዕውቀት ነው። ባለሙያው ተተኪ ሳያፈራ ሲያርፍ ዕውቀቱም አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ የወረዳ አመራሮች ቀጥቃጩን እንደ አንድ የግብርና ባለሙያ ቆጥረው ተለማማጅ ሊያገናኙት፣ መሥሪያ ቦታ ሊሰጡትና ሙያውን በምዘና ሊያረጋግጡለት ይገባል። ሥራው ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ ጊዜ ግን አይሰጥም።

ጠባብ ማሳ፣ ብዙ የእጅ ሥራ

የሐረሪ ክልል ስፋት 334 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 183,415 የነበረ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በከተማ ይኖር ነበር። ክልሉ ካሉት ዘጠኝ ወረዳዎች አቦከርን ጨምሮ ስድስቱ የከተማ፣ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ ደግሞ የገጠር ወረዳዎች ናቸው። ትንሽነቱ እንደ ችግር ሲነሳ ቢሰማም በዚህ ጉዳይ ግን ዕድል ነው። ከገጠር ቀበሌ ጠዋት ተነስቶ ወደ ሐረር ገበያ የመጣ አርሶ አደር ዶማውን አስጠግኖ ማታ ቤቱ መግባት ይችላል። በአቦከር የሚሠራ አንድ ጎበዝ ቀጥቃጭ ለሦስቱም የገጠር ወረዳዎች ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

በአካባቢያችን ያለው እርሻ ደግሞ የእጅ መሣሪያን አጥብቆ የሚፈልግ ነው። ማሳው ጠባብ ነው፤ ብዙው መሬት ተዳፋት በመሆኑ በእርከን የተያዘ ነው። ጫቱና ቡናው በመስመር ተተክሎ፣ በመካከሉ ማሽላና በቆሎ ይዘራል። በሬውም በብዙ ቤት ለእርሻ ከመዋሉ ይልቅ ለድለባ ይቀለባል። የሐረር ሰንጋ ዝናም ከዚህ የመጣ ነው። በመሆኑም መሬቱን የሚገለብጠው በአብዛኛው የሰው ክንድ ነው። ጎረቤት በጉዛ ተጠራርቶ ሲቆፍር ሃያና ሠላሳ ሰው በአንድ ማሳ ላይ ይሰለፋል። ከመካከላቸው የአንዱ ደንጎራ ቢጣመም ወይም የዶማው ዛቢያ ቢወልቅ የእሱ ጉልበት ለዚያ ቀን ጠፋ።

በመኸርም እንዲሁ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የማሽላው አገዳ ወፍራምና ደረቅ ሆኖ ይቆማል። በደነዘዘ ማጭድ አገዳ የሚቆርጥ ሰው በአንድ ምት የሚበቃውን ሦስት ጊዜ ይመታል። አገዳው ሲንቀጠቀጥ ፍሬው ይረግፋል፤ የሚረግፈው እህል በማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ለውዝ አምራቹም ቢሆን መሬቱን በጊዜ ቆፍሮ ካላወጣ ፍሬው አፈር ውስጥ ይቀራል። የድኅረ ምርት ብክነት እያልን የምንነጋገርበት ጉዳይ አንዱ ጫፍ እዚህ ማጭዱ ስለት ላይ ይገኛል።

ፌሮ እና ባሌስትራ

ገበያ ላይ ሁለት ማጭዶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። ሁለቱም ያብለጨልጫሉ። ልዩነቱ በሁለተኛው ሳምንት ይወጣል። አንደኛው በየግማሽ ሰዓቱ ድንጋይ ሲፈልግ ሌላው ጠዋት ተስሎ እስከ ማታ ይቆርጣል። ምክንያቱ ብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ነው።

ለሕንፃ ግንባታ የሚውለው ፌሮ የካርቦን መጠኑ አነስተኛ በመሆኑ ምንም ያህል ቢያግሉትና ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። ከግንባታ ቦታ ቁርጥራጩ በቀላሉ ስለሚገኝ ግን ብዙ ጊዜ ማጭድና ቢላዋ ይሠራበታል። የመኪና ባሌስትራ ከዚህ ይለያል። በአብዛኛው ከመቶ ግማሽ እጅ በላይ ካርቦን ያለው አረብ ብረት በመሆኑ በሚገባ ከተሠራ ስለቱን ይይዛል፤ ሲመታም አይሰነጠቅም። ያረጀ ሞረድ ደግሞ ከመቶ አንድ እጅና ከዚያ በላይ ካርቦን ስላለው ለቢላዋ ይሆናል። ለዶማና ለደንጎራ ግን ቶሎ ይሰበራል።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከብረቱ ቁራጭ አግሎ ውሃ ውስጥ መንከርና በሞረድ መሞከር ነው። ሞረዱ ከበላው ብረቱ ለስለት አይሆንም፤ ሞረዱ ተንሸራቶ ካለፈ ይሆናል። ጎበዝ ቀጥቃጭ ይህን የሚያደርገው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ነው። አርሶ አደሩም ማጭድ ሲገዛ «ከምን ብረት ነው የተሠራው?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ቢያዳብር ገበያው ራሱ ይስተካከል ነበር።

ጥሩ ብረት መምረጥ ብቻውን ግን አይበቃም። አረብ ብረት ሲግል 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማግኔት መሳብ ያቆማል። ቀጥቃጩ ከዚህ ጥቂት አለፍ አድርጎ አግሎ፣ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እንደ መስታወት ጠንካራ፣ እንደ መስታወትም ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ከ200 ዲግሪ ከፍ ባለ ለዘብተኛ ሙቀት መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። ተወልውሎ የነጣው ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይሆናል። ለቢላዋና ለማጭድ ገለባው ላይ ይቆማል። ምት ለሚበዛበት መጥረቢያ ወደ ሐምራዊው ጠጋ ይላል። ከገለባ እስከ ሐምራዊ ያለው ጊዜ በቀጭን ስለት ላይ የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው። የአንድ ማጭድ ዕድሜ የሚወሰነውም በእነዚያ ሰከንዶች ነው።

ሙያው ከእጅ ወደ እጅ

ከላይ የሰፈረውን ማንም አንብቦ ሊረዳው ይችላል። ሊሠራው ግን አይችልም። ቼሪ የመሰለ ቀይ የትኛው ነው? ብርቱካናማው የሚጀምረው የት ጋ ነው? ብረቱ ነጥቶ ብልጭታ መርጨት ሲጀምር ካርቦኑ እየተቃጠለ መሆኑን ዓይን እንዴት ይለምደዋል? ይህን የሚያስተምረው ከጎን ቆሞ «አሁን አውጣው» የሚል ሰው ብቻ ነው። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» እያልን ለሌላ ጉዳይ ሁሉ የምንጠቅሰው ተረት ለቀጥቃጩ ተረት አይደለም፤ የዕለት ሥራው ነው።

ልምምዱ ቅደም ተከተል አለው። አዲስ ገቢ በመጀመሪያ ከሰል ይሰባብራል፤ ወናፍ ይነፋል። ሥራው ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን እሳትን የሚማረው በዚህ ነው። ብዙ ከነፋ ብረቱ ይቃጠላል፣ ትንሽ ከነፋ አይግልም። ቀጥሎ ትልቁን መዶሻ ይዞ ከመስፉ ማዶ ይቆማል። መምህሩ በትንሿ መዶሻ የሚመታበትን ቦታ ያመለክተዋል፤ ተለማማጁም ያንኑ ቦታ ይመታል። ንግግር የለም፤ በመዶሻ ድምፅ ብቻ ይግባባሉ። ከዚያ በኋላ ጉጠት ይይዛል፤ ምስማር፣ ቀለበት፣ የበር ማጠፊያ ይሠራል። ማጭድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለቱን አግሎ ዘይት ውስጥ መንከርን ብዙ መምህራን በመጨረሻ ያሳያሉ። አንዳንዱም እስከ መጨረሻው አያሳይም። የእንጀራው ምሥጢር እዚያ ውስጥ ነውና በእሱ መፍረድ አይቻልም። ነገ ተፎካካሪ የሚሆነውን ወጣት ያለ ምንም ክፍያ አስተምር ሲባል የትኛው ባለሙያ እሺ ይላል?

በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ልምድ ትምህርት ይሰጣል። በጃፓን ጎራዴ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ካለው ባለሙያ ሥር ቢያንስ አምስት ዓመት ተለማምዶ በመንግሥት የሚሰጠውን ፈተና ማለፍ አለበት። ሙያው በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ ታላላቅ ባለሙያዎችም እንደ አገር ቅርስ ተቆጥረው ድጋፍ ያገኛሉ። በአሜሪካ ደግሞ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1976 የተቋቋመው የስለት ቀጥቃጮች ማኅበር አባላቱን የሚመዝነው በወረቀት ፈተና ሳይሆን በሠሩት ቢላዋ ነው። ተፈታኙ ባመጣው ቢላዋ የተንጠለጠለን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል። በዚያው ቢላዋ የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ቆርጦ ይጥላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለቱ የክንድ ፀጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻም ቢላዋው በሞርሳ ተይዞ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ መሰበር የለበትም። ስለቱ ጠንካራ፣ ጀርባው ለስላሳ ካልሆነ ይህን ፈተና ማለፍ አይቻልም።

እኛ ጎራዴ አንፈልግም፤ ገመድም መቁረጥ አያስፈልገንም። የምንወስደው ትምህርት ባለሙያ በሥራው ሊመዘን እንደሚችል ነው። ይህ ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ አንድ ሰው ሙያውን የትም ይማረው የት፣ ብቃቱ በምዘና ከተረጋገጠ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ እንደሚችል ያስቀምጣል። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ የተማረ ቀጥቃጭም በዚህ መንገድ ሊመዘንና ሊረጋገጥለት ይችላል። የቀረው ምዘናውን ቀጥቃጩ ወዳለበት ማድረስ ነው።

ስድብ ያራቀው ሙያ

ሙያው ተተኪ እንዲያጣ ያደረገው የገቢ ማነስ ብቻ አይደለም። በአገራችን በብዙ አካባቢ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በስድብ ስም ሲጠራ፣ በጋብቻም በማኅበራዊ ኑሮም ሲገለል ኖሯል። በደጋው «ጠይብ» እና «ቡዳ» የሚሉት ስሞች፣ በኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ደግሞ «ቱምቱ» ተብለው የሚጠሩት ባለሙያዎች የደረሰባቸው መገለል ለዚህ ማሳያ ነው። ዶማውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ዶማ ሠሪውን ግን ለልጁ አማች አያደርገውም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ልጁ ብረት ቀጥቃጭ ሊሆን ነው ሲባል ፊቱ የማይጠቁር ወላጅ ዛሬም ብዙ አይደለም።

ሐረር ለእጅ ሙያ ባዳ ከተማ አይደለችም። በጀጎል ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ከስፌት መኪኖች ድምፅ ተነስቶ «መኪና ግርግር» የሚል ስም አግኝቷል። ከእናት ወደ ልጅ የሚወረሰው የስፌት ጥበብ የየቤቱን ግድግዳ ያስጌጣል፤ እንግዳም ያደንቀዋል። የሸሪፍ ሙዚየም ጎብኚዎች በመስታወት ውስጥ የተቀመጡ የጥንት ጎራዴዎችን ያያሉ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ግንቡ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው አኗኗር ጭምር ነው ብለን እንኮራለን። ታዲያ ያለፈውን ስለት በመስታወት ውስጥ አክብረን፣ ዛሬ ስለት የሚያወጣውን ሰው በገበያ ጥግ ፀሐይ ላይ መተው እርስ በርሱ የሚጋጭ አይሆንም?

ምድጃ በግቢ ውስጥ

ሙያውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ሰው እንደሚገምተው የበዛ አይደለም። በሸክላ አፈር የተለበጠ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ምድጃ ይሆናል። ወናፍ ባይኖር የእጅ ማዞሪያ ያለው ነፋሽ ወይም አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ከብረት ቱቦ ጋር ተገናኝቶ አየር ይሰጣል። ለመስፍነት ከባድ የብረት ጉማጅ ይበቃል። የባቡር ሐዲድ ቁራጭ የተሻለ ቢሆንም በሕጋዊ መንገድ የተገኘ መሆን አለበት። አንድ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ የውሃ ባልዲና አንድ ጣሳ የምግብ ዘይት ሲጨመር ሥራ ይጀመራል። ጉጠቱንም ቢሆን ተለማማጁ ራሱ ሠርቶ ይማርበታል።

ጥንቃቄው ግን ሊዘነጋ አይገባም። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮና ቧንቧ እሳት ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ጭስ ሰውን ያሳምማል፤ ምድጃው አጠገብ መድረስ የለበትም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ዓይን መከለያ የሌለው ሠራተኛ በአንድ ፍንጣሪ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። በጀጎል ውስጥ ደግሞ ቤት ከቤት የተጣበቀ፣ መንገዱም የእሳት አደጋ መኪና የማያስገባ በመሆኑ በመኖሪያ ግቢ ምድጃ ማንደድ ለባለቤቱም ለጎረቤትም ለቅርሱም አደጋ ነው። ስለዚህ በግንቡ ውስጥ ምድጃ ይፈቀድ የሚል አቋም የለኝም። ሆኖም መከልከል ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም። «እዚህ አትሥራ» የሚል አካል «እዚያ ሥራ» የሚል ቦታ አብሮ ማሳየት አለበት። ከግንቡ ውጭ በአቦከርም ሆነ በሌሎቹ የከተማ ወረዳዎች ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ከሚሰጡ የመሥሪያ ቦታዎች መካከል አንዱን ለቅጥቀጣ መመደብ ይቻላል።

እዚህ ላይ ለመሐንዲሶች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የቀጥቃጭ ቤት ጥላ ይፈልጋል። የጋለ ብረት ቀለም በፀሐይ ብርሃን አይታይም። በደንብ የጋለው ብረት ቀትር ላይ ገና ጥቁር መስሎ ይታያል፤ ሠራተኛውም ሳያውቀው ያቃጥለዋል። በአራቱም በኩል ክፍት የሆነ፣ ብርሃን የሚያስገባ ጣሪያ ያለው ሼድ ለብየዳ ይሆን ይሆናል፤ ለስለት ሥራ ግን አይመችም። ሦስት ጎኑ የተከለለ፣ ጭስ ማውጫ ያለው፣ አየር የሚዘዋወርበት ጠቆር ያለ ክፍል ነው የሚያስፈልገው። ንድፉን ከመሥራት በፊት አንድ አንጋፋ ቀጥቃጭ ማማከር በኋላ ባዶ ቀርቶ መጋዘን ከሚሆን ሼድ ያድናል።

ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎች

«ዘመኑ የሜካናይዜሽን ነው፤ ወደ ዶማ እንዴት እንመለሳለን?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ትራክተር በሚገባበት ሜዳ ይግባ፤ እሰየው። በእርከኑና በጫቱ መስመር መካከል ግን አይገባም። ከዚህ ባሻገር ሜካናይዜሽን ራሱ የብረት ባለሙያ ይፈልጋል። መውቂያውም፣ መፈልፈያውም፣ የውሃ ፓምፑም በተሰበረ ቁጥር አንድ የብረት ዕቃ ሠርቶ የሚተካ ሰው ከሌለ ማሽኑ ጥግ ይዞ ይቀራል። ቅጥቀጣ የቴክኖሎጂ ተቃራኒ ሳይሆን የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

«ከውጭ የሚገባው ይረክሳል» የሚለውም እውነትነት አለው። አካፋን የመሰለ ከቆርቆሮ ተጨፍልቆ የሚወጣ ዕቃ ፋብሪካ በተሻለ ዋጋ ይሠራዋል፤ ቀጥቃጩም ከእሱ ጋር መፎካከር አይጠበቅበትም። ዶማ፣ ደንጎራ፣ መጥረቢያና ማጭድ ግን እንደ አፈሩና እንደ ሰውየው ቁመት ይለያያሉ። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚውል ዶማና ለኤረር ሸለቆ የሚሆን ዶማ አንድ አይደሉም። ፋብሪካው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይልካል፤ ቀጥቃጩ ግን ደንበኛውን አይቶ ይሠራል። የደነዘዘውን እንደገና አግሎ ስለት የሚያወጣለት፣ የተሸረፈውን የሚቀጥልለትም እሱ ነው። ለአምስት ዓመት የሚያገለግል መሣሪያ በየዓመቱ ከሚገዛው ይረክሳል።

ሦስተኛው ሥጋት የጸጥታ ጉዳይ ነው። ስለት መሣሪያ መሆኑ አይካድም። የወረዳ አመራር «ገጀራ የሚሠራ ወጣት እንዴት አደራጃለሁ?» ብሎ ቢያመነታ ሊወቀስ አይገባም። መልሱ ግን ሙያውን ከጓሮ ወደ አደባባይ ማውጣት ነው። እያንዳንዱ ቀጥቃጭ በሚሠራው ዕቃ ላይ የራሱን ምልክት ቢያትምና ምልክቱ በወረዳው ቢመዘገብ ሁለት ጥቅም ይገኛል። ገዢው ጥሩ ሠሪን ይለያል፤ ሕግ አስከባሪውም ዕቃው ከማን እጅ እንደወጣ ያውቃል። ፈቃድ የሌለው ድብቅ ምድጃ ግን ለማንም ተጠያቂ አይደለም።

አራተኛው ከሰል ነው። ደናችን ምን ያህል እንደሳሳ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በሸክላ በሚገባ የተለበጠና ጠበብ ያለ ምድጃ ክፍት ከሆነው ያነሰ ከሰል ይፈጃል። በጋራ መሥሪያ ቦታ ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ እሳት ተራ ይዞ ሲሠራ ደግሞ ፍጆታው የበለጠ ይቀንሳል። ይህም የጋራ ቦታ መመደብን የሚደግፍ ሌላ ምክንያት ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ወረዳ በአካባቢው የሚሠሩ ቀጥቃጮችን ይመዝግብ። ስንት ናቸው? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ተለማማጅ አላቸው ወይስ የላቸውም? ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። የልማት ሠራተኞች አርሶ አደሩን «ዶማህን ማን ይሠራልሃል?» ብለው ቢጠይቁ መዝገቡ ራሱ ይሞላል።

ሁለተኛ፣ ለአንጋፋ ባለሙያ ለማስተማሩ ይከፈለው። ሥልጠና ተብሎ ለአዳራሽ፣ ለሻይና ለውሎ አበል ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለአንድ መምህር ቀጥቃጭ በየወሩ ቢሰጥና ሁለት ሦስት ወጣቶች ከሥሩ ቢመደቡ ምሥጢሩን የሚደብቅበት ምክንያት ይቀንሳል። ወጣቶቹም የሚመደቡት ከምዝገባ ወረፋ ሳይሆን ለሙያው ፍላጎት ካላቸው መካከል መሆን ይኖርበታል። ከሰል በመሰባበርና ወናፍ በመንፋት ሦስት ወር የሚታገሥ ልጅ ራሱን ያሳያል። ለሴቶችም በሩ ክፍት ይሁን፤ እሳትን ማንበብ ጾታ አይመርጥም።

ሦስተኛ፣ ምዘናው በሥራ ይሁን። የሐረር ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የብረታ ብረት መምህራንና የክልሉ የሙያ ብቃት ምዘና ባለሙያዎች ከአንጋፋ ቀጥቃጮችና ከአርሶ አደሮች ጋር ተቀምጠው ቀላል የመሣሪያ ፈተና ሊያወጡ ይችላሉ። ለምሳሌ አንድ ማጭድ ሳይሳል ስንት አገዳ ይቆርጣል? አንድ ዶማ ድንጋይ ሲመታ ይሸረፋል ወይስ ይጣመማል? መዛኙ አርሶ አደር ቢሆን ከማንም የበለጠ ይፈርዳል። የምስክር ወረቀቱ ደግሞ ለብድርም፣ ለመሥሪያ ቦታም፣ ለመንግሥት ግዢም መግቢያ ይሆናል።

አራተኛ፣ የምርምር ተቋማት ይቅረቡ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደጃፋችን ላይ ነው። የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም በተሻሻሉ የእርሻ መሣሪያዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። ተመራማሪ አዲስ ንድፍ ሲያወጣ ንድፉን አባዝቶ ወደ ማሳ የሚያደርሰው የአካባቢው ቀጥቃጭ ነው። ቀጥቃጩ ከሌለ ንድፉ በኤግዚቢሽን ላይ ይቀራል።

አምስተኛ፣ አርሶ አደሩም የራሱ ድርሻ አለው። ዶማውን የሚያስጠግነው ቁፋሮው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ከሆነ ቀጥቃጩ በአንድ ሳምንት ተጨናንቆ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈቶ ይውላል። ሥራ የሌለው ባለሙያ ደግሞ ተለማማጅ ሊይዝ አይችልም። በጉዛ የሚቆፍሩ ጎረቤቶች መሣሪያቸውን በጋራ ሰብስበው ሥራ በሚቀንስበት ወር ቢያሠሩ ዋጋውም ይቀንሳል፤ የቀጥቃጩም እሳት ሳይጠፋ ይከርማል። ስለ ስሙም እንዲሁ ነው። የሚያበላንን መሣሪያ የሚሠራ ሰው በስድብ ስም መጠራቱን እያንዳንዳችን ከቤታችን ልናቆመው ይገባል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ዛሬ በመዝገብና በጥቂት ክፍያ ሊተርፍ የሚችለውን ሙያ ነገ በፕሮጀክት ልንመልሰው ብንሞክር አይሆንም። ሼድ ሊሠራ፣ መዶሻ ሊገዛ ይችላል፤ የጋለ ብረት ቀለም የሚያነብ ዓይን ግን በግዢ አይገኝም። አንድ ተለማማጅ ከመምህሩ አጠገብ ዛሬ ቢቆም ራሱን ችሎ ጥሩ ማጭድ የሚያወጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በመሆኑም የወረዳ ግብርና፣ የሥራና ክህሎት እንዲሁም የንግድ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ከማዳበሪያውና ከምርጥ ዘሩ ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨምሩ። «በወረዳችን ስንት ቀጥቃጭ አለ? ስንት ተተኪስ አፍርቷል?» የሚል።